ሲሞቅ የሚያብድ ስክሪን በፎርማት አይድንም

ባለፈው ግንቦት የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። የአርክቴክቸር ተማሪ ነው። የመመረቂያ ሥራውን ሊያቀርብ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። "ጋሼ፣ ሉሚዮን ስከፍት ስክሪኑ ያብዳል" አለኝ። ሉሚዮን የሕንፃ ንድፍን እንደ እውነተኛ ፎቶ አድርጎ የሚያሳይ ከባድ ፕሮግራም ነው።

"ምን ያደርጋል?"

"መጀመሪያ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይረጫል። ከዚያ የሕንፃው ጣሪያ ላይ እሾህ የመሰለ ነገር ይበቅላል። ከዚያ ድርግም።"

አንድ ሱቅ ወስዶት ፎርማት አደረጉለት፤ ያለውን ሁሉ አጥፍተው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኑ ማለት ነው። ለሁለት ቀን ደህና ሆነ። ተመልሶ ሲያብድበት ሌላ ሱቅ ወሰደው፣ እነሱም ፎርማት አደረጉት። ሦስተኞቹ ደግሞ "ድራይቨር ነው" ብለው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ጫኑለት፣ እግረ መንገዳቸውን ፎርማት አድርገው። እኛ አገር ፎርማት የኮምፒውተር ዳማ ከሴ ሆኗል። ለምችም እሱ፣ ለወገብ ሕመምም እሱ።

ያቺ የሁለት ቀን ጤንነት ግን ገረመችኝና ጠየቅኩት። ለካ ከፎርማት በኋላ ሉሚዮንን መልሶ እስኪያገኝና እስኪጭን ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። በሁለቱ ቀን ዩቲዩብ እያየ ነበር። ኮምፒውተሩ ሥራ ስላልነበረው አልሞቀም፣ ስላልሞቀ አላበደም። ሱቁ ግን "ይኸው ሠራ" ብሎ ሒሳቡን ተቀብሏል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። ስክሪን ላይ ነጠብጣብ፣ መስመር፣ የተቀደደ ምስል ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ልጫን?" መሆን የለበትም። "መቼ ነው የሚመጣው?" ነው መሆን ያለበት።

እስቲ ከውስጥ እንየው። ግራፊክስ ካርዱ፣ ብዙዎቻችን ቪጂኤ የምንለው ማለት ነው፣ በሰከንድ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ አዲስ ሥዕል እየሠራ ያቀርባል። አንድ ተራ ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር ናት። ቁጥሯ ከተሳሳተች ቀለሟ ይሳሳታል። ዋናው ፕሮሰሰር ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ቪጂኤ ግን ብዙ ጊዜ ስህተቱን አያጣራም፣ ቀለም ቀብቶ ይለጥፈዋል። ስህተቱን በዓይናችን የምናየው ለዚህ ነው።

ሙቀት ደግሞ ስህተት ይወልዳል። የካርዱ ሚሞሪ ዳታ የሚይዘው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ቻርጁ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ያፈሳል፣ ስለዚህ ሳያልቅ ቶሎ ቶሎ መሞላት አለበት። ሲሞቅ ማፍሰሱ ይፈጥናል። ተራው የኮምፒውተር ራም እንኳ ከ85 ዲግሪ ሲያልፍ በእጥፍ ፍጥነት እንዲሞላ የአሠራር ስታንዳርዱ ራሱ ያዛል። ሙሌቱ ካልደረሰ 1 የነበረው 0 ይሆናል። ይሄ ስክሪን ላይ በየቦታው የተበተነ ነጠብጣብ ወይም እንደ ዳማ ሰሌዳ የተደረደረ ካሬ ሆኖ ይታያል። የልጁ "እሾህ" ደግሞ የሕንፃው ማዕዘን የት እንዳለ የሚናገረው ቁጥር ሲበላሽ የሚመጣ ነው፤ አንዷ ማዕዘን ሰማይ ላይ ትወጣና ጣሪያው እንደ ማስቲካ ይሳባል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዘመናዊ ቪጂኤ ሲሞቅ ዝም ብሎ አይቃጠልም። ገደቡ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ካርድ ሲሞቅ መጀመሪያ የምታዩት ነጠብጣብ ሳይሆን ላግ ነው፤ ጌሙ ይጎተታል፣ ሬንደሩ፣ ማለትም ንድፉን ወደ ምስል የመቀየሩ ሥራ፣ አልገፋ ይላል። ነጠብጣብ ከመጣ ወይ ሚሞሪው ማቀዝቀዣው በደንብ አልነካውም፣ ወይ ካርዱ ቀድሞም ተዳክሞ ሙቀቱ ገመናውን እያወጣበት ነው። ሁለተኛው ከሆነ ብናኙን መጥረግ ዕድሜ ይጨምርለታል እንጂ አያድነውም።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በኋላ የሚመለሰው ነገርስ? ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ቪጂኤው ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ከዚያ "ዲስፕሌይ ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ ነበር" የሚል መልእክት ይወጣል። መልእክቱ ውስጥ ድራይቨር የሚል ቃል ስላለ ሁሉም ድራይቨሩ ላይ ይዘምታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። አንዳንዴ በእርግጥ ድራይቨር ይሆናል፣ በተለይ ማሻሻያ በጫናችሁ ማግስት ከጀመረ። ድራይቨር ግን ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛና ሙቅ አይለይም። ጠዋትም ያበላሻል፣ ማታም ያበላሻል።

አሁን ወደ ምርመራው። የመጀመሪያው ምርመራ ነጻ ነው፣ ብዙ ባለሙያዎችም ይዘሉታል። ነጠብጣቡ በመጣ ሰዓት ፕሪንት ስክሪን ተጫኑ። በስልክ ፎቶ አታንሱ፣ በራሱ በኮምፒውተሩ ነው። ከዚያ ምስሉን በቴሌግራም ወደ ስልካችሁ ላኩትና ስልካችሁ ላይ እዩት። ነጠብጣቡ እዚያም ካለ ስህተቱ ሥዕሉ ውስጥ ነው፣ ጥርጣሬው ወደ ቪጂኤው፣ ወደ ሚሞሪው ወይም ወደ ድራይቨሩ ይሄዳል። ስልኩ ላይ ንጹሕ ሆኖ ከታየ ግን ቪጂኤው ሥዕሉን በትክክል ሠርቷል ማለት ነው። ሌባው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው፦ ኬብሉ፣ ራሱ ስክሪኑ፣ ወይም በላፕቶፑ ማጠፊያ በኩል የምታልፈው ቀጭን ፍላት ኬብል። ክዳኑን ስታወዛውዙት መስመሩ የሚሄድ የሚመጣ ከሆነ ፍላቷን ያዟት። ቪጂኤ ልትቀይሩ ገንዘብ ስትበደሩ በፍላት ኬብል የሚያልቅ ነገር መሆኑን ማወቅ ደስ ይላል።

ሁለተኛው ምርመራ ሰዓት ማየት ነው። ማሽኑ ሌሊቱን ጠፍቶ ይደር። ጠዋት ስታበሩት የአምራቹ አርማ ላይ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይገባ መስመር ከታየ ሶፍትዌር አይደለም፤ ዊንዶውስ ገና ከእንቅልፉ አልተነሳማ! የዚያን ጊዜው ሙቀትም አይደለም፣ ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው። የተጎዳ ነገር አለ። ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ከ10 ወይም ከ20 ደቂቃ ከባድ ሥራ በኋላ የሚመጣ፣ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ደግሞ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሙቀት ነው ብዬ ብወራረድ አልፈራም።

ሦስተኛው ቁጥር ማየት ነው። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ጂፒዩ ዚም ይሠራል። ክፈቱት፣ ከዚያ የሚያሳብደውን ሥራ አስጀምሩና ቁጥሩን ተከታተሉ። ቪጂኤው ከ80ዎቹ መጀመሪያ በታች ከሆነ ሰላም ነው። ብዙ ሰው የማያየው ከሥሩ ያለውን "ሆት ስፖት" የሚለውን መስመር ነው፤ የቺፑ በጣም የሞቀችው ቦታ ማለት ነው። ከዋናው ቁጥር በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ቢበልጥ የተለመደ ነው። ልዩነቱ ወደ 30 ከተጠጋ ግን ቴርማል ፔስቱ፣ ማለትም የቺፑን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት፣ ደርቆ ወይም ማቀዝቀዣው ተንጋዶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ካርዱ የሚሞሪውን ሙቀትም የሚያሳይ ከሆነ እሱንም እዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጡት የኤንቪዲያ ካርዶች፣ አርቲኤክስ 3080 እና 3090 ላይ፣ ቺፑ 70 ዲግሪ ላይ ተንደላቆ ተቀምጦ ሚሞሪው 110 ደርሶ ካርዱ ፍጥነት ይቀንስ ነበር። ቺፑን ብቻ የሚያይ ሰው "ምንም አልሞቀም" ብሎ ይምላል።

አራተኛው ካርዱን ማሳረፍ ነው። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ አውርዱት። ላፕቶፑ ይሄን ከከለከላችሁ ጌሙን በሰከንድ 30 ሥዕል ላይ ገድቡት። ነጠብጣቡ ከጠፋ አቅጣጫው ታወቀ፦ ሙቀት ወይም የኃይል አቅርቦት። ዴስክቶፕ ላይ ፓወር ሰፕላዩም ሊሆን ይችላል፣ በተለይ መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር። ካርድን እስከ አቅሙ ጥግ የሚያስጨንቀውን ፈርማርክ የሚባል መፈተሻ ፕሮግራም ግን ለታመመ ካርድ ለአንድ ሰዓት አትክፈቱበት። የሳንባ ምች ያለበትን ሰው እንጦጦን ሩጠህ ውጣ እንደማለት ነው።

እንጦጦን ካነሳሁ አይቀር፣ የአየር ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚዞረው ያው ነው፣ የሚገፋው አየር ግን ቀጭን ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ብዙ የሰርቨር ማኑዋሎች ላይ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላል። ደግነቱ ከተማችን ቀዝቃዛ ናት፣ ጉዳቱን ታካክሰዋለች። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያላችሁ አየሩ ወፈር ይልላችኋል፣ ግን ክፍሉ ራሱ 35 ዲግሪ ሲሆን የክፍሉ ጭማሪ ሙቀት በቀጥታ ቺፑ ላይ ይደመራል።

ከዚያ አቧራው። ሰፈራችን ሁሉ እየፈረሰና እየተሠራ ነው፣ የሲሚንቶና የአፈር ብናኝ በመስኮት ይገባል። ከዚያ ጋቢው። አልጋ ላይ ጋቢ ጭኖ፣ ጋቢው ላይ ላፕቶፕ ጭኖ ሬንደር የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። የብዙ ላፕቶፕ አየር መሳቢያ ከሆዱ በኩል ነው። ጋቢው አፍኖት ማሽኑ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል።

ይሄ ሁሉ ድሮም ነበር፣ አሁን ግን ባሰ። አንደኛ ካርዶቹ ራሳቸው እየባሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1080 የሚወስደው 180 ዋት ነበር። 3090 ወደ 350 ወጣ፣ በ2022 4090 ወደ 450፣ በ2025 5090 ወደ 575 ዋት ደረሰ። የግማሽ ካውያ ሙቀት ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ ተቀመጡ ማለት ነው። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩና ቪጂኤው ብዙ ጊዜ አንድ የመዳብ ቱቦ ይጋራሉ፣ አንዱ ሲሞቅ ሌላውንም ያሞቀዋል።

ሁለተኛ ገበያው። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ኢተሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ፣ ማለትም ካርዶች ሌት ተቀን እያሰሉ ገንዘቡን የሚያስገኙበት ሥራ፣ ቆመ። በዚህ ሥራ ላይ የነበሩ ካርዶች በየአገሩ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ፈሰሱ። እኛ ጋ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አዲስ ካርድ ለብዙ ሰው የሚታሰብ አልሆነም። ስለዚህ ያገለገለ እንገዛለን። ሰው "የተቆፈረበት ካርድ አትግዛ" ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። ቀንና ሌሊት በአንድ ሙቀት ላይ የቆየ ካርድ፣ በቀን አሥር ጊዜ ከሚሞቅና ከሚቀዘቅዝ ካርድ ያነሰ ሊጎዳ ይችላል። የተቆፈረበት ካርድ ላይ የምፈራው ፋኑን፣ የሚሞሪውን ፓድ (ሚሞሪውን ከማቀዝቀዣው ጋር የሚያገናኘውን ለስላሳ ንጣፍ) እና ሚሞሪውን ነው። ስለዚህ ሻጩን ግማሽ ሰዓት ለምኑት። ሱቁ ውስጥ ከባድ ነገር ከፍታችሁ ቡና ጠጡ። አምስት ደቂቃ ብቻ የሚያሳያችሁ ሻጭ የሚያሳያችሁ ቀዝቃዛ ካርድ ነው።

መሞቅና መቀዝቀዝ ለምን ይጎዳል? ቺፑ በጥቃቅን የብየዳ ነጠብጣቦች ላይ ነው የተቀመጠው። ሲሞቅ ቺፑም ሰሌዳውም ይለጠጣሉ፣ ግን እኩል አይለጠጡም። ብየዳዋ መሃል ላይ ሆና ትጎተታለች፣ በሺህ ጊዜ መጎተት ትሰነጠቃለች። ትላልቆቹ ኩባንያዎች ይሄን በገንዘብ ተምረውታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ቀይ መብራት እያበራ የሚሞተውን ኤክስቦክስ 360 ለመጠገን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዘመ። ኤንቪዲያ በ2008 ላፕቶፕ ውስጥ ባሉ ቺፖቹ የማሸጊያ ማቴሪያል ደካማነት ምክንያት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣው አሳወቀ። የችግሩ ሥር ያው ነው፣ መሞቅና መቀዝቀዝ።

ይሄን ካወቃችሁ ስለ ሂት ጋን፣ ማለትም በጣም የጋለ አየር ስለሚነፋው መሣሪያ፣ ያለኝን ቅሬታ ትረዱኛላችሁ። አንድ ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ የዴስክቶፑ ስክሪን ገና ሲበራ አረንጓዴ መስመር ያሳይ ጀመር። ካርዱን ሱቅ ወሰደው፣ ብየዳውን መልሶ ለማቅለጥ በሚል በሂት ጋን አግለው፣ "ሪፍሎ" አድርገው መለሱለት፣ ሠራ። ደስ ብሎት ከፈለ። በሦስተኛው ሳምንት መስመሩ ተመለሰ። መልሶ ወሰደው፣ ያኔ ለአምስት ቀን ሠራ። በውጭ አገር ካርዱን የወጥ ቤት ኦቨን ውስጥ የሚከቱም አሉ፣ 200 ዲግሪ ገደማ ላይ። የተለመደው እርሳስ አልባ ብየዳ ግን የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። አልቀለጠም ማለት ነው! ታዲያ ለምን ይሠራል? ሙቀቱ ሁሉን ነገር ሲለጥጠው የተሰነጠቀው ብየዳ ለጊዜው ይነካካል። በኋላ ሥራ ሲበዛበት መልሶ ይላቀቃል። ይሄን እያወቁ "አስተማማኝ ጥገና" ብሎ ማስከፈል ለኔ ማታለል ነው። ምግብ የሚበስልበት ኦቨን ውስጥ የሰሌዳ ጭስ ማጨስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የወዳጄን ካርድ ነቅለን የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ ሰካነው። አሁን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ይሠራል። ፎቶሾፕ ይዘገያል፣ መስመር ግን የለም።

ወደ ልጁ እንመለስ። ጠዋት ንጹሕ ነው፣ ፕሪንት ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቡ አለ። ሉሚዮን በተከፈተ በ12 ደቂቃ ፕሮሰሰሩ 98፣ ቪጂኤው 91። የጀርባውን ክዳን ፈታነው። ፋኑና የመዳብ ክንፎቹ መሃል እንደ ባዘቶ የተጠቀጠቀ አቧራ ነበር፣ በመቆንጠጫ ሳብ ሳደርገው አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ፤ የላፕቶፑን አፍንጫ የደፈነ ግራጫ መሐረብ በሉት። ብናኙን ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ በአየር በኃይል ካሽከረከራችሁት ሊበላሽ ይችላል። ቴርማል ፔስቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈር ነበር። በአልኮል ጠረግነው፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነው። አረቄ አይሆንም፤ አትሳቁ፣ የጠየቀኝ ሰው አለ። አዲሱ ፔስት የአተር ፍሬ ታህል ከሆነ በቂ ነው፣ እንደ ማርማላታ አይቀባም። የሚሞሪውን ፓድ የምትቀይሩ ከሆነ ውፍረቱን ለኩ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከወፈረ ማቀዝቀዣው ከዋናው ቺፕ ላይ ይነሳና ከበፊቱ ይብሳል። ብሎኖቹን ደግሞ በሰያፍ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ማቀዝቀዣውን ያንጋድደዋል።

ዘግተን አበራነው። በዚያው ሉሚዮን ፕሮሰሰሩ 86፣ ቪጂኤው 76 ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሐምራዊ ነገር የለም፣ እሾህም አልበቀለም። "ፎርማት ላድርገው እንዴ?" አለኝ እየሳቀ።

ከላፕቶፑ እግር ሥር የሚሸጉጠው አራት የሃይላንድ ክዳን ሰጠሁት፣ ከሥሩ አየር እንዲገባለት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሬንደሩ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አልቋል። ክዳኖቹን ግን እናቱ ቆሻሻ መስሏቸው ጠርገው ጥለውበታል። ሌላ አራት ፈልጌ ሰጠሁት።